ከመሳሙ በኋላ ካሜራው ወዴት ይዞራል?

የሲኒማ ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ፣ በዕድሜ የሚራራቁ ሰዎችን ፍቅር የሚተርኩ ፊልሞች አብዛኞቹ ወይ ይሳለቃሉ ወይ ይሰብካሉ ብዬ በአንዲት ዓረፍተ ነገር አልፌ ነበር። በዚያች ዓረፍተ ነገር ያልተቆጣ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚመሳሰሉትን ትቼ የሚከተሉትን መርጫለሁ። የጸሐፊዎቹን ስም እንደ ልማዴ አላወጣሁም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

*

"ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ልጆቼም የየራሳቸውን ኑሮ ይዘዋል። በቅርቡ ከሴት ልጄ ጋር፣ በዕድሜ የገፋች ሴት አንድ ወጣት የምትወድበት ፊልም እያየን ነበር። ሁለቱ ሲሳሳሙ ልጄ ሳቀች። ቀጥላም 'እማዬ፣ ይቅርታ፣ ግን አያስቅም?' አለችኝ። እኔን አላሳቀኝም። ትልቋ ሴት መሳቂያ የማትሆንበት፣ መጨረሻ ላይም በሞት ወይም በእብደት የማትቀጣበት ፊልም ይኖር ይሆን?"
— ሁለት ልጆች ያሳደገች

እህቴ፣ አለ። መጀመሪያ ግን ልጅዎን ይቅር ይበሏት። ሳቁ የእሷ ላይሆን ይችላል። ብዙ ዓመት የፊልም ኤዲተር፣ ማለትም የተቀረጸውን ምስል ቆርጦ የሚቀጥል ሰው፣ ሆኜ ሠርቻለሁና ያ ሳቅ የት እንደሚመረት አውቃለሁ። ሁለት ሰዎች ተሳሳሙ እንበል። ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደሚታይ የሚወሰነው ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለቱ ላይ ከቆየን ተመልካቹም አብሯቸው ይቆያል። ወዲያው አፏን በእጇ ወደ ያዘች ጎረቤት ከቆረጥን ግን፣ ተመልካቹ ሳያውቀው በጎረቤቲቱ ዓይን ማየት ይጀምራል። በዚያ ዓይን ሲታይ ሃያ ዓመት ያልሞላውም ሲሳሳም ያስቃል። ስለዚህ እኔ እንዲህ ያለ ፊልም ሳይ የሰዎቹን ዕድሜ አልቆጥርም፤ ከመሳሙ በኋላ ካሜራው ወዴት እንደሚዞር ነው የምከታተለው።

የምመክርዎት የ1955ቱን "ኦል ዛት ሄቨን አላውስ" ነው። ዳይሬክተሩ ዳግላስ ሰርክ ጀርመን ተወልዶ ሆሊውድ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። በጊዜው እንዲህ ያሉት ፊልሞች ሴቶችን ለማስለቀስ የሚሠሩ ተብለው ይናቁ ነበር፤ ክብር ያገኙት ዘግይተው ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ኬሪ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ያደጉ ልጆች ያሏት ሴት ናት። ሮን ደግሞ የግቢዋን ዛፎች የሚገርዝ ወጣት። ኬሪን የሠራችው ጄን ዋይማን 38 ዓመቷ ነበር፣ ሮክ ሃድሰን ደግሞ 29። በመካከላቸው ዘጠኝ ዓመት እንኳ አይሞላም! ለዚህ ነው ያ ሁሉ ሐሜት? ቢሉኝ፣ አዎ ለዚህ ነው፤ ለዚህ ብቻ ግን አይደለም። እሱ በእጁ ሠርቶ የሚበላ አትክልተኛ ነው፤ እሷ የሟች ባሏን ቤት፣ ክለቡንና ወዳጆቹን የወረሰች እመቤት ናት። ሐሜተኞቹ ስለ ዕድሜ እያወሩ የሚቆጥሩት ገንዘብ ነው።

ልጆቹን ልብ ብለው ይመልከቱ። ወንዱ ልጅ የአባቱ ቤት ሊተው ነው ብሎ ይቆጣል። ሴቷ ልጅ ሰው አማን ብላ ታለቅሳለች። እናት ለእነሱ ስትል ሮንን ትተወዋለች። ብዙም ሳይቆይ የገና በዓል ይመጣል። ሴቷ ልጅ ልታገባ ነው፤ ወንዱም ለሥራ ውጭ አገር ሊሄድ ነው። እናታቸው ብቻዋን እንዳትሆን ስጦታ ያመጡላታል፤ ቴሌቪዥን! ሻጩ ቁልፉን ማዞር ብቻ ነው፣ የፈለጉትን ያህል ሰው ቤትዎ ይመጣል እያለ ያስረዳል። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ቴሌቪዥኑ መስተዋት ይጠጋል። ባልተከፈተው ቴሌቪዥን ላይ የምትታየው ኬሪ ራሷ ናት። ትዕይንቱ እዚያው ያልቃል። ደካማ ኤዲተር ቢሆን ወደ ልጆቹ ፊት ይቆርጥ ነበር፤ እንድንፈርድባቸው። ሰርክ ለልጆቹ አንድ ሰከንድ አልሰጣቸውም።

መጨረሻውን አልነግርዎትም። ማንም አይሞትም፤ ማንም አያብድም። ሮን ላይ የሚደርሰው ነገር ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሴትዮዋ ያለ ሐፍረት አጠገቡ እንድትቀመጥ እሱ የግድ መታመም ነበረበት? አስታማሚ ሴት ማንንም አታስደነግጥም፤ ስቱዲዮውም ይህን ሳያውቅ አልቀረም።

ይህን ካዩ በኋላ ጉልበት ከቀረዎት ሁለተኛውን ይጨምሩበት። በ1974 ጀርመናዊው ዳይሬክተር ራይነር ቨርነር ፋስቢንደር የሰርክን ታሪክ ይዞ ወደ ሙኒክ ወሰደው፤ "አሊ፦ ፍርሃት ነፍስን ይበላል" ይባላል። እዚህ ኤሚ ስድሳ ዓመት ገደማ የሆናት የጽዳት ሠራተኛ ናት። አሊ ከሞሮኮ የመጣ መካኒክ ነው፤ በዕድሜ እጅግ ታንሳታለህ ብለው የሚስቁበት ሳያንስ የውጭ ሰው መሆኑ ይጨመራል። ኤሚን የሠራችው ብሪጊተ ሚራ ፊልሙ ሲወጣ 63 ዓመቷ ነበር፤ ፊቷን ለማሳመር የሞከረ ማንም የለም። ማግባቷን ለልጆቿ ስትነግር አንደኛው ልጅ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን በእግሩ ይሰብረዋል። ሰርክ በስጦታ ያመጣውን ዕቃ ፋስቢንደር አስረገጠው ማለት ነው። ሴት ልጇን ያገባውን፣ ወንበር ላይ ተለጥጦ የሚያማርረውን ሰነፍ ሰውዬ የሚሠራው ደግሞ ፋስቢንደር ራሱ ነው።

ካሜራውስ? እዚህ ላይ ሰውየው የፈጸመው ድፍረት ይገርመኛል። ሁልጊዜ ወደሚያዩት ሰዎች ይዞራል፤ ግን በአንድ ቆረጣ አልፏቸው አይሄድም። ቡና ቤት ውስጥ፣ ደረጃ ላይ፣ ውጭ በተደረደሩት ባዶ ወንበሮች ጀርባ ሰዎቹ ሳይነቃነቁ ቆመው ያያሉ፤ እኛም እነሱን እናያለን፤ አይቆርጠውም። መጀመሪያ ኤሚና አሊ ያሳፍሩናል። ከዚያ ማፈጠጡ ሲረዝም ሐፍረቱ ወደ ሚያፈጡት ይዞራል።

ደግሞ የፊልሙ ሁለተኛ አጋማሽ አለ። ጎረቤቶቹ ድንገት ደግ ይሆናሉ፤ ስለ ገባቸው አይደለም። አንዷ ዕቃ የምታስቀምጥበት ምድር ቤት ፈልጋለች፤ ባለ ሱቁ ደንበኛ ቀርቶበታል፤ ልጇ ሕፃን የሚጠብቅለት ይፈልጋል። ያን ጊዜ ኤሚ ራሷ ትቀየራለች። ለሥራ ባልደረቦቿ የአሊን ጡንቻ ታስነካለች፤ እንደ ዕቃ እያዞረች ታሳየዋለች። ይህን ትዕይንት ለማየት ይከብዳል፤ ግን ትልቋን ሴት መሳቂያም ጻድቅም ሳያደርግ፣ ክፋት የሚያምራት ሙሉ ሰው ያደረጋት ሌላ ፊልም ብዙ አላየሁም። የመጀመሪያውን ከልጅዎ ጋር ይዩት። ይህንን ብቻዎን ቢያዩት ይሻላል።

*

"ጓደኛዬ 'ዘ ግራጁዌት' ውስጥ ሚስስ ሮቢንሰን ሆና የሠራችው ተዋናይት በእውነቱ ከልጁ ብዙም አትበልጥም ይለኛል። ውርርድ አለን። እውነት ነው?"
— ተማሪ

ልጄ፣ ተሸንፈሃል። ፊልሙ በ1967 መጨረሻ ሲወጣ አን ባንክሮፍት 36፣ ደስቲን ሆፍማን 30 ዓመታቸው ነበር። ልዩነቱ ስድስት ዓመት አይሞላም። ፊልሙ ውስጥ እሱ ከዩኒቨርሲቲ ገና የወጣ ልጅ ነው፤ እሷ የአባቱ የሥራ ባልደረባ ሚስት። ልጇን ሆና የሠራችው ካትሪን ሮስ ደግሞ ያኔ 27 ዓመቷ ነበር። "እናት" ከ"ልጅ" የምትበልጠው በስምንት ዓመት ብቻ ነው። ሜካፕ፣ የፀጉር ሽበትና የብርሃን አጣጣል ቀሪውን ሠሩ።

ውርርዱን ክፈልና አንድ ነገር ደግሞ ተመልከት። ልጁ ከሴትዮዋ ጋር ስንት ጊዜ ሲተኛ እንኳ "ሚስስ ሮቢንሰን" ከማለት አይወጣም። አንድ ምሽት ሆቴል ውስጥ ዛሬ እንኳ እናውራ ብሎ ያስቸግራታል። ዩኒቨርሲቲ ምን ተማርሽ ሲላት፣ ሥነ ጥበብ ትለዋለች። ቀደም ሲል ግን ሥነ ጥበብ ሲነሣ አይስበኝም ብላው ነበር። እርግዝና ከትምህርቷ አስወጥቷት እንደ ተዳረች የምንረዳው በዚያች አጭር ንግግር ነው። ያ ትዕይንት አብዛኛው በጨለማ ነው፤ መብራቱ ይበራል፣ ይጠፋል። ፊልሙ ለእሷ የሰጣት ቦታ ይህን ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ካሜራው ወጣቶቹን ተከትሎ ይሮጣል፤ እሷ ክፉ ሴትዮ ሆና ትቀራለች። ባንክሮፍት ግን በዚያች ጨለማ ውስጥ የሠራችው ሥራ ከቀሪው ፊልም ይከብዳል።

*

"ሴቷ ስትበልጥ 'የዕድሜ ልዩነት ፊልም' ትላላችሁ። ወንዱ በሠላሳ ዓመት ሲበልጥ ግን በቃ 'የፍቅር ፊልም' ነው። ይህን ለምን አትጽፊም?"
— የተናደደ አባወራ

አባወራ ሲናደድ ደስ ይለኛል፤ በተለይ ትክክል ሲሆን። ይኸው ጻፍኩ። በ1954 "ሳብሪና" ሲወጣ ሐምፍሪ ቦጋርት 54፣ ኦድሪ ሄፕበርን 25 ዓመታቸው ነበር። ታሪኩ ሳብሪና ከሁለት ወንድማማቾች አንዱን እንድትመርጥ ነው የተሠራው፤ ታናሽ ወንድም የሆነው ዊልያም ሆልደን እንኳ 36 ነበር። ፊልሙ ውስጥ ስለ ዕድሜ የሚነሣው በቀልድ ነው፤ ችግሩ ተብሎ የቀረበው የሾፌር ልጅ መሆኗ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ዳይሬክተር ቢሊ ዋይልደር "ላቭ ኢን ዘ አፍተርኑን"ን ሠራ፤ አሁንም ሄፕበርን፣ አሁን ከጋሪ ኩፐር ጋር። እሷ 28፣ እሱ 56። ኩፐር ብዙ ጊዜ በጥላ ውስጥ ይታያል፤ ፊቱ ላይ ብርሃን ቢበዛ ምን እንደሚታይ ዋይልደር ያውቅ ነበርና። ተቺዎችም በጊዜው አጉረመረሙ።

የሚገርመው መጨረሻው ነው። ባቡር ሊነሣ ሲል ኩፐር ልጅቷን አንሥቶ ወደ ውስጥ ያስገባታል። በአሜሪካ በታየው ቅጂ ላይ የአባቷ ድምፅ ተጨምሮ ሁለቱ እንደ ተጋቡ ይናገራል። ቁጣ የፈሩት ሳይጋቡ አብረው መሄዳቸው እንጂ ዓመቱ አልነበረም። ተጋቡ ከተባለ የ28 ዓመቱ ልዩነት ችግር መሆኑ ቀረ።

እነዚህን ፊልሞች አይዩ አልልም። ሄፕበርንን ማየት ለማንም አይጎዳም። ነገር ግን የሄፕበርን ፊት ላይ ካሜራው ሲቆይ የሚታየን የኩፐር ዕድለኛነት ነው። እሷ ምን እንዳየችበት ለማሳመን ማንም አልደከመም። ሴቷ ስትበልጥ ግን ፊልሙ ግማሽ ሰዓት "ምን አየባት?" የሚለውን ሲያስረዳ ያልፋል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ማን ማስረዳት እንዳለበት።

*

"የመጀመሪያ ስክሪፕቴን እየጻፍኩ ነው። እሱ 62፣ እሷ 34 ነው። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ ሁሉ 'ደስ አይልም' ይላሉ፣ ለምን እንደሆነ ግን አይነግሩኝም። ሁለቱን አብዝቼ ባናግራቸው ይሻላል? መጨረሻ ላይስ እሱ ቢሞት?"
— ጀማሪ

አይሙት! ይህን መጀመሪያ ላይ ልጨርሰው። ትልቁን ሰው መግደል ከጥያቄው ማምለጫ ነው። የዚህ ዓይነት ፊልም ትልቁ ጥያቄ ከአሥር ዓመት በኋላስ የሚለው ነው፤ አንተ ደግሞ በልብ ድካም አሥሩን ዓመት ሰረዝካቸው። አንድ ፊልም ብቻ ነው በሞት ያሳመነኝ፤ የ1971ዱ "ሃሮልድ ኤንድ ሞድ"። እዚያም ቢሆን ሞድ የምትሞተው ደራሲው ስላልቻለበት አልነበረም፤ ሰማንያ ዓመት ሲሞላት ለመሄድ ገና ከመጀመሪያው የወሰነች ሴት ናት። ስክሪፕቱን የጻፈው ኮሊን ሂጊንስ ያኔ እንዳንተ ጀማሪ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ሞድን የሠራችው ሩት ጎርደን 75፣ ሃሮልድን የሠራው በድ ኮርት 23 ዓመታቸው ነበር። ፊልሙ ሲወጣ ከሰረ፤ ከዓመታት በኋላ ነው ሰው የወደደው።

ለአንተ የሚጠቅምህ ግን የሚያዩትን ሰዎች እንዴት እንደ ተጠቀመባቸው ነው። ሃሮልድ ሞድን ላግባ ሲል ሦስት ሰዎች በየተራ ካሜራውን ፊት ለፊት እያዩ ይናገራሉ፤ ወታደር የሆነው አጎቱ፣ የሥነ ልቦና ሐኪሙና ቄሱ። ከእያንዳንዳቸው ጀርባ የየአለቃቸው ምስል ተሰቅሏል፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን፣ ፍሮይድ፣ የሮማው ጳጳስ። ተመልካቹ ሊል የሚፈልገውን ሁሉ እነሱ ቀድመው ይሉለታል፤ ቄሱ እንዲያውም ሲያስበው ሊያስመልሰው ይደርሳል። ተመልካቹ ያፍርና ዝም ይላል። ፍቅራቸው የሚታየን ደግሞ ጧት ላይ ነው፤ ሞድ ተኝታ፣ ሃሮልድ አጠገቧ ተቀምጦ የሳሙና አረፋ እየነፋ። ከዚያ በላይ አያሳዩንም፤ ከዚያ በላይም አያስፈልገንም።

አሁን ወደ ራስህ ስክሪፕት። ጓደኞችህ "ደስ አይልም" ያሉት፣ ስገምት፣ ከ28ቱ ዓመት የተነሣ አይደለም። ሰውየው ምን እንዳለው ነግረኸኛል? አልነገርከኝም። ለእነሱም አልነገርካቸው ይሆናል። እሱ አለቃዋ ነው? የምትኖርበት ቤት የማን ነው? ቢጣሉ ማን ነው ሻንጣ ይዞ የሚወጣው? ተመልካች እነዚህን ሲጠይቅ መልስ ካጣ የሚገምተው ክፉውን ነው፤ መገመቱም ልክ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ትዕይንት እሷ የራሷ ሥራ፣ የራሷ ቁልፍ፣ እሱን የማትጠይቅበት ነገር እንዳላት አሳየኝ፤ በንግግር ሳይሆን በተግባር። ወይም ደግሞ ምንም የላትም በልና ፊልሙን ስለዚያ አድርገው፤ ያኔ ግን የፍቅር ፊልም አትበለው።

ስለ ንግግሩ፦ አታብዛ። በተለይ "ዕድሜ ቁጥር ነው" የሚል ሰው ስክሪፕትህ ውስጥ ካለ ዛሬውኑ ሰርዘው። በተቃራኒው ዕድሜ በትንንሽ ነገር ይግባ። እሱ መነጽሩን ፈልጎ ስላጣው የምግብ ዝርዝሩን እሷ ታነብለታለች። እሷ የምትወደው ዘፈን ሲወጣ እሱ የት እንደ ነበር ያስታውሳል፤ እሷ ያኔ ገና አልተወለደችም። እሱ ደክሞት በጊዜ ይተኛል፤ እሷ ሳሎን ቁጭ ብላ ትቀራለች፤ እንዳትቀሰቅሰው የስልኳን ድምፅ ትቀንሳለች። እንዲህ ያለውን ትዕይንት እኔ ሳልቆርጥ እተወዋለሁ።

የሶፊያ ኮፖላን "ሎስት ኢን ትራንስሌሽን" አይተህ ከሆነ ደግመህ እይ፤ በ2003 የወጣ ነው። ቢል መሪ ከስካርሌት ዮሐንሰን በ34 ዓመት ይበልጣል። ቶኪዮ ውስጥ ሁለት እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ሆቴል ውስጥ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ትዳር አላቸው። አልጋ ላይ ልብሳቸውን ለብሰው ጎን ለጎን ተኝተው ሲያወሩ እሱ እግሯን በእጁ ይነካል፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። በቃ። መጨረሻ ላይ መንገድ ዳር ያቅፋትና በጆሮዋ የሆነ ነገር ይላታል፤ እኛ አንሰማም። ኮፖላ በዚያ ፊልም ለምርጥ ወጥ ስክሪፕት ኦስካር ያገኘችው ወሳኙን ንግግር ሳታሰማን ነው። ካሜራው እዚያ ከሁለቱ አይርቅም፤ ዙሪያቸው ሕዝብ እየተጋፋ ነው፣ የሚያያቸው ግን የለም። ይህም አንድ መንገድ ነው፤ የሚያዩትን ሰዎች ጨርሶ ማስወጣት። ባዕድ ከተማ የተመረጠው ለዚህ ይመስለኛል።

ስክሪፕቱን አትላክልኝ። ብዙ አለብኝ። ሲሠራ ግን አያለሁ።

*

"ልጄ 15 ዓመቷ ነው። አስተማሪና ተማሪ የሚዋደዱበት ፊልም ከጓደኞቿ ጋር አይታ 'እንዴት ደስ ይላል' እያለች ነው። ልከልክላት?"
— ያሳሰባት እናት

ፊልሙን አይታዋለች፤ መከልከሉ አልፏል። ግን ይህን ከላይ ካሉት ደብዳቤዎች ጋር አልደባልቀውም። 60 እና 40፣ ወይም 50 እና 28 የሆኑ ሰዎች ሁለቱም ትልልቅ ናቸው። አስተማሪና የ15 ዓመት ልጅ ግን የዕድሜ ልዩነት ያለው ፍቅር አይባልም። አንዱ ትልቅ ሰው ነው፤ ማርክ ይሰጣል፣ ክፍሉን ይዘጋል፣ ልጅቷ ለማን እንደምትናገርና ማን እንደሚያምናት ያውቃል። ፊልም ሠሪ ይህን በወርቃማ ብርሃንና በፒያኖ ቢያጅበው ነገሩ አይለወጥም።

ፊልሙን አብረሽ ድገሚው። አትስበኪ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያት፦ አስተማሪው ከልጅቷ ጋር ሆኖ ሌላ ሰው ሲመጣ ፊቱ ምን ይሆናል? የልጅቷ ጓደኞችስ ፊልሙ ውስጥ ከየት ጀምሮ ጠፉ? ብዙውን ጊዜ ጓደኞቿ ከሦስተኛው ትዕይንት በኋላ አይታዩም፤ ኤዲተሩ አውጥቷቸዋል፤ ቢኖሩ አንዷ ትናገር ነበርና። ይህን ልጅሽ ራሷ ካገኘችው አንቺ ከምትነግሪያት ይበልጣል።

*

"29 ዓመቴ ነው። የምወዳት ሴት 44 ዓመቷ ነው፤ ልንጋባ ተስማምተናል። ለወላጆቼ ከመንገሬ በፊት ሐሳቡን እንዲለማመዱት አንድ ፊልም ላሳያቸው አስቤአለሁ። የቱን ትመክሪኛለሽ?"
— የተጨነቀ

አንዱንም አልመክርህም፣ ወንድሜ።

ፊልም የሚሠራው ችግር እንዲኖር ነው። ችግር የሌለበትን ጥንድ ማንም ገንዘብ አውጥቶ አይቀርጽም። ከላይ ካነሣኋቸው የትኛውንም ብታሳያቸው ወላጆችህ የሚያገኙት የተሰበረ ቴሌቪዥን፣ የሚያፈጡ ጎረቤቶችና የምታለቅስ እናት ነው። ፊልሙ ሲያልቅ "ለካ እንዲህም ይሆናል" ብለው የበለጠ ይፈራሉ። እናትህ እስካሁን ያላሰበችውን ሁሉ በአንድ ምሽት ታስበዋለች። ደግሞ ሦስት ሰዎች ሶፋ ላይ ተደርድራችሁ፣ እነሱ ስክሪኑን ሲያዩ አንተ ፊታቸውን ስትሰርቅ ይታየኛል፤ ወላጆች እንዲህ ያለውን ቶሎ ይነቁበታል።

እሷን ወደ ቤት ውሰዳት። በመጀመሪያው ቀን ዕድሜ አታንሣ፤ እነሱ ካነሡ ቁጥሩን በቀጥታ ንገር፣ አትቀንስ። ልጆች ካሏት፣ ቀድሞ አግብታ ከነበረም፣ አንተ ሳታስቀድማት እሷ ራሷ ትናገር፤ 44 ዓመት የሆነው ሰው ስለ ራሱ መናገር አያቅተውም። ስለ መውለድ ይጠይቁሃል። ሁለታችሁ ምን እንደ ወሰናችሁ አስቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁበት፣ ወላጆችህ ዘንድ ከመሄድህ በፊት የሚቀርህ ይህ ነው እንጂ ፊልም መምረጥ አይደለም።

አባትህ ዝም ካለ ዝም ይበል። ዝምታውን በንግግር ለመሙላት አትሞክር፤ ስንት ትዕይንት በዚህ ሲበላሽ አይቻለሁ።

ከሠርጉ በኋላ፣ ሁሉም ከተረጋጋ፣ ለራሳችሁ የ1974ቱን ተመልከቱ። ለእናንተ ነው የሚጠቅመው፤ በተለይ ኤሚ የአሊን ጡንቻ የምታስነካበት ቦታ። እጮኛህ ጓደኞቿ ፊት አንተን እንዴት እንደምታስተዋውቅ፣ አንተም ጓደኞችህ ፊት እሷን እንዴት እንደምትጠራ ያን ቀን ተነጋገሩበት።

የሚቀጥለው እትም ጥያቄዎች ስለ ፊልም ሙዚቃ ናቸው። ደብዳቤዎቻችሁን አሳጥሩልኝ።